ከኮርቻ ላይ የታየ ከተማ፦ ስለ ብስክሌት ጉዞ የሚደረግ የጂኦግራፊ ምርምርና የተመራማሪው ዕለታዊ ኑሮ

መግቢያ

ሰብአዊ ጂኦግራፊ የሰው ልጅ ከሚኖርበት ሥፍራ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመረምር ትምህርት ነው። ይሁንና ይህ ትምህርት ለብዙ ዘመን የመረመረው ሰው በአብዛኛው በቁጥር የተወከለ ሰው ነበር። በዚህ ከተማ ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ይኖራል፤ ከዚያ መንደር ወደዚህ ገበያ ይህን ያህል ሰው ይመላለሳል፤ ከዚህ አልፎ መንገደኛው በመንገዱ ላይ ምን እንደሚፈራ፣ ምን ደስ እንደሚያሰኘው፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በጉልበቱ እንዴት እንደሚያውቀው የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። የስዊድኑ ጂኦግራፈር ቶርስተን ሄገርስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስለ ክልሎች በሚደረገው ጥናት ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው የት አሉ ብለው የጠየቁት ስለዚህ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ አሜሪካዊው ዴቪድ ሲመን በ1979 ባወጡት መጽሐፍ፣ ሰው በየቀኑ ሳያስብበት የሚያደርገው መሄድ፣ መቀመጥና መገናኘት የጂኦግራፊ ቁም ነገር መሆኑን አስረዱ። የሲመን መጽሐፍ መነሻው በክላርክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ነበር።

የብስክሌት ጉዞን የሚመለከተው የጂኦግራፊ ምርምር የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው። በተለይ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል የዶክትሬት ተማሪዎች፣ ብስክሌትን እንደ ማጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ከተማን እንደ ማወቂያ መንገድ አድርገው መመርመር ጀመሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ሥራዎች ዋና ዋናዎቹን መርምሮ፣ ተመራማሪው በየቀኑ የሚኖረው ኑሮ ለምርምሩ ምን እንዳበረከተለትና ምን እንደሸፈነበት መለየት ነው። ጉዳዩ የጥቂት ምሁራን የውስጥ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። መንገድ የሚያቅደው ባለሥልጣን የማንን ቀን አንብቦ ያቅዳል? የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪስ የራሱን የዕለት ጉዞ እንደ ዕውቀት ሊቆጥረው ይገባልን? የሚሉት ጥያቄዎች ከዚህ ይነሣሉና።

የተመራማሪው ቀን

በብሪታንያ የዶክትሬት ጥናት በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ሲካሄድ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት ነው፤ ተማሪው ከአንድ ወይም ከሁለት አማካሪ መምህራን ጋር በየጊዜው እየተገናኘ አብዛኛውን ሥራ ብቻውን ይሠራል። በልማድ እንደሚባለው የመጀመሪያው ዓመት በንባብና ጥያቄን በማጥራት፣ ሁለተኛው መረጃ በመሰብሰብ፣ ሦስተኛው በመጻፍ ያልፋል። በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቃላት የሚደርስ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ ከውስጥና ከውጭ ፈታኞች ፊት ቀርቦ ሥራውን በቃል ይከላከላል።

እስከዚህ ድረስ የብስክሌት ተመራማሪው ከሌላው የጂኦግራፊ ተማሪ አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከመስክ ላይ ነው። አፈር የሚመረምር ተማሪ ወደ መስክ ሄዶ፣ ናሙናውን ወስዶ፣ ወደ ቤተ ሙከራው ይመለሳል፤ መስኩና ቤቱ ለየብቻ ናቸው። ብስክሌት እየነዳ ስለ ብስክሌት ጉዞ ለሚመረምር ሰው ግን ጠዋት ከቤት ወደ ቢሮ የሚወስደው መንገድ ራሱ መስክ ነው። ዝናቡ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ከኋላ የሚጮኸው የመኪና ጡሩምባ፣ አስፋልቱ የተሰነጠቀበት ቦታ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆየው ፔዳሉን አጥብቆ የረገጠበት ቅጽበት ሁሉ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። ካቴናው ቢወልቅ እንኳ የተቆጣው እንደ መንገደኛ፣ የተደሰተው እንደ ተመራማሪ ይሆናል።

ነገር ግን የሚነዳ ሰው አይጽፍም። ሁለቱም እጆቹ በመሪው ላይ፣ ዓይኑም በመንገዱ ላይ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪው ያየውን በልቡ ይዞ ከደረሰ በኋላ በማስታወሻ ደብተሩ ያሰፍራል፤ ወይም በየመሐሉ ቆም ብሎ በድምፅ መቅጃ ይናገራል፤ አለዚያም ካሜራ ያስራል። ሌሎችን ብስክሌተኞች ተከትሎ በሚጓዝበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ከእግረኛ ጋር ጎን ለጎን እየሄዱ መጠየቅ የታወቀ ዘዴ ነው፤ በመኪና ጎርፍ መካከል ብስክሌት የሚነዳውን ሰው ጥያቄ መጠየቅ ግን አደጋ ላይ መጣል ነው። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም የተጠያቂውን ፈቃድና ደኅንነት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅሙ ሥራ የጠረጴዛ ሥራ ነው። አንድ ሰዓት የፈጀ ቃለ መጠይቅ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሃያ ወይም ሠላሳ ሰው የጠየቀ ተማሪ ሳምንታትን በዚህ ያሳልፋል ማለት ነው። ብስክሌት ላይ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ሰዓት፣ ወንበር ላይ የሚያልፉ ብዙ ሰዓታት አሉ።

የሥራዎቹ ብርታት

ከዚህ ኑሮ የፈለቁት ሥራዎች ያላቸው ብርታት ሊታበል አይገባም። በ2005 ፊል ጆንስ በበርሚንግሃም ከተማ የራሳቸውን የብስክሌት ምልልስ መሠረት አድርገው ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ተመራማሪው የራሱን አካል የምርምር መሣሪያ ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየ ነው። መንግሥት ስለ ብስክሌት ሲናገር የሚያነሣው ጤናን፣ የአየርን ንጽሕናና የመንገድ መጨናነቅን ነው። ጆንስ የሚያሳዩት ግን በኮርቻው ላይ ያለው ሰው በዚያች ደቂቃ ስለ አየር ንጽሕና የማያስብ መሆኑን ነው። ፍርሃት አለ፤ ደስታም አለ፤ በሁለቱ መካከል የሚንቀሳቀስ አካል አለ። ይህን ያላወቀ ቅስቀሳ ጆሮ ባያገኝ ሊያስደንቅ አይገባም።

የጀስቲን ስፒኒ ሥራዎች ይህንን የበለጠ ያራምዱታል። በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቫንቱ ተራራ በብስክሌት የሚወጡትን ሰዎች ይመረምራሉ። ተራራው በቱር ደ ፍራንስ ውድድር የታወቀ ነው፤ በ1967 እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ቶም ሲምፕሰን ሕይወቱ ያለፈው በዚያው ዳገት ላይ ነበር። የስፒኒ ክርክር ሲጨመቅ፣ ሥፍራ ማለት በዓይን የሚታይ መልክዐ ምድር ብቻ አይደለም የሚል ነው። ዳገቱን የሚወጣው ሰው ተራራውን የሚያውቀው በትንፋሹ፣ በጡንቻው ሕመምና በፔዳሉ ምት ነው። አንድ የገጠር ልጅ ውኃ ተሸክሞ የሚወጣውን ዳገት ከየትኛውም ካርታ አብልጦ እንደሚያውቀው ለሚያስተውል መምህር፣ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም። አዲስ ነገሩ ይህ ዕውቀት በጂኦግራፊ መጽሔት ውስጥ እንደ ዕውቀት መቆጠሩ ነው።

ስፒኒ በለንደን ዩኒቨርሲቲ በሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ በ2008 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጽሑፍ የለንደንን ብስክሌተኞች መርምረዋል። ስለ ዘዴውም በ2011 ራሱን የቻለ ጽሑፍ አሳትመዋል። ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ጉዞው በካሜራ ይቀረጻል፤ ከዚያም ተጓዡ የራሱን ጉዞ እያየ ይጠየቃል። እዚህ ላይ የምርምሩ ብልኃት ከችግሩ የተወለደ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እየነዱ መነጋገር ስለማይቻል ንግግሩ ወደ ኋላ እንዲቆይ ተደረገ፤ በቆየበት ጊዜ እንዳይረሳ ደግሞ ሥዕሉ ተያዘለት። ሥዕሉ ብቻውን የሰውን ስሜት አይናገርም፤ ባለቤቱ እንዲናገር ግን ያስታውሰዋል። በመጽሐፍ ብቻ የተቀመጠ ተማሪ እንዲህ ያለውን መንገድ በቀላሉ ባላገኘው ነበር።

ሳይጻፍ የቀረው

ከብርታቱ ጋር ጉድለቱ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ጉድለት በአቀራረብ ላይ ያለ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚወጡ ጽሑፎች ጉዞውን በሚያምር ቋንቋ ሲተርኩ፣ ጉዞው ወደ ዕውቀት የተለወጠበትን የጠረጴዛ ሥራ በጥቂት መስመር ያልፉታል። ስንት ማስታወሻ ተጽፎ ስንቱ ተጣለ? ሁለት ተጓዦች ስለ አንድ መስቀለኛ መንገድ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ተመራማሪው የትኛውን ይዞ የትኛውን ተወ? በደከመው ቀን የጻፈው ማስታወሻ ከነቃበት ቀን ማስታወሻ ጋር እኩል ተመዝኗልን? የመጽሔት ጽሑፍ አጭር በመሆኑ ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም የሚለው መልስ ከፊል እውነት አለው። ዳሩ ግን ዕለታዊ ኑሮ ሊናቅ አይገባም ብሎ የተነሣ የትምህርት ዘርፍ፣ የራሱን የሥራ ቀን ግማሽ ሲሸፍን ከራሱ መርሕ ጋር ይጋጫል። ከእርሱ ለመማር የሚሻው ጀማሪም የሚያጣው ይኸንኑ ነው፤ የተጠናቀቀውን ቤት ያያል፣ መሠረቱ እንዴት እንደ ተቆፈረ ግን አያይም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከበደ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ተመራማሪ፣ ብስክሌት ከሚነዱ ሰዎች ጋር እየነዳ፣ ስለ መንዳት ይጽፋል። መግባባታቸው ፈጣን ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይረዳዋል። ይህ መግባባት ለገለጻው ጥልቀት ሰጥቶታል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዓመታት ከመቶ ጉዞዎች ውስጥ በብስክሌት የሚደረጉት ሁለት ገደማ ብቻ ናቸው፤ በኔዘርላንድ ግን ከሩብ በላይ ናቸው። በእንግሊዝ ወንዶች በብስክሌት የሚያደርጉት ጉዞ ሴቶች ከሚያደርጉት ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ በኔዘርላንድ እንዲህ ያለ ልዩነት አይታይም። እንግዲህ በእንግሊዝ ከተማ በመኪና መካከል ብስክሌት የሚነዳው ሰው ለየት ያለ ሰው ነው። ፍርሃቱን ያሸነፈ፣ ጉልበቱ የፈቀደለት፣ የሥራ ሰዓቱና የቤቱ ኃላፊነት የተስማማለት ነው። ከእርሱ የተገኘ ዕውቀት እውነተኛ ቢሆንም የሁሉ ዕውቀት አይደለም።

የዶክትሬት ተማሪው ኑሮም ይህን ጠባብነት ያባብሰዋል። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ለሥራው የሚገባበት የተወሰነ ሰዓት የለውም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ሊቆይ ይችላል። ሸክሙ መጻሕፍትና ጥቂት ወረቀት ነው። በጠዋት ሁለት ሕፃናትን ወደ ሁለት ትምህርት ቤቶች አድርሳ፣ ለሥራዋ በሰዓቱ መድረስ ያለባትና ማታ አስቤዛ ይዛ የምትመለስ እናት ግን ሌላ ቀን ነው ያላት። ሄገርስትራንድ በ1970 ሰውን የሚይዙት ማሰሪያዎች ሦስት ናቸው ብለው ነበር፤ የአቅም ወሰን፣ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ሰዓትና ቦታ የመገናኘት ግዴታ፣ እንዲሁም የሕግና የሥልጣን ክልከላ። ከኮርቻ ላይ የተጻፈው ጂኦግራፊ የመጀመሪያውን ማሰሪያ አጥርቶ ሲያሳይ፣ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ለምን ቢሉ፣ የጸሐፊው ቀን ከሌላ ሰው ቀን ጋር ያን ያህል የተቋጠረ አልነበረምና።

ብስክሌት የማይነዳው ሰው

ለዚህ ጉድለት እርማት የሚሆን ሥራ ከዚያው ከብሪታንያ ተገኝቷል። ከ2008 እስከ 2011 በላንካስተር፣ በሊድስና በኦክስፎርድ ብሩክስ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የተካሄደው ስለ እግርና ስለ ብስክሌት ጉዞ የሚመለከት ጥናት በአራት ከተሞች፣ ማለትም በላንካስተር፣ በሊድስ፣ በሌስተርና በዉስተር ተከናወነ። ውጤቱም በኮሊን ፑሊና በባልደረቦቻቸው በ2013 በመጽሐፍ ወጣ። ተመራማሪዎቹ በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ ሳይወሰኑ ከሰዎች ጋር አብረው ተጓዙ፤ በቤተሰቦች ዘንድም በተደጋጋሚ እየተመላለሱ ዕለታዊ ኑሯቸውን ተመለከቱ።

ያገኙት ነገር ለዕቅድ አውጪ ከባድ ትምህርት ነው። ሰዎቹ ብስክሌት መንዳት ለጤናም ለአካባቢም ጥሩ መሆኑን አላጡትም። ያገዳቸው የመኪና ፍርሃት፣ የቤተሰብ ጣጣ ከጉዞው ጋር አለመስማማቱ፣ ብስክሌት መንዳትም በአካባቢያቸው ያልተለመደ ነገር ሆኖ መታየቱ ነው። ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክር ግልጽ ነው፦ ስለ ብስክሌትና ስለ እግር ጉዞ የሚወጣ መመሪያ አስቀድመው በሚነዱትና በጉዳዩ በጸኑት ሰዎች አስተያየት ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። ይህ ምክር ከላይ ለተመለከትናቸው ሥራዎች የቀረበ ትችት ባይባልም፣ ትችት ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

በሚዛን ለመናገር፣ ይህንን ሁሉ ከአንድ የዶክትሬት ተማሪ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። አራት ከተማ፣ ብዙ ተመራማሪና የሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ያሠራው ጥናት በአንድ ሰው ጉልበት አይሠራም። በሌላው በኩል ሰፊው ጥናት በስፋቱ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ጆንስና ስፒኒ ያሳዩን የአንዲት ቅጽበት ስሜት፣ የትንፋሹና የፔዳሉ ምት በሰፊው ጥናት ውስጥ ያን ያህል ቀርቦ አይታይም። ስለዚህ የሁለቱ ዓይነት ሥራዎች ግንኙነት የመተካካት ሳይሆን የመደጋገፍ ነው። ከተማሪው የሚጠበቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ የራሱ ቀን የሌላው ቀን እንዳልሆነ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስመር ነው። ከተቻለም ከሃያ ተጠያቂዎች መካከል አምስቱን ብስክሌት ከተዉት ወይም ከቶም ካልሞከሩት ሰዎች መምረጥ ይችላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመረጣ ድፍረት ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ይህ ክርክር ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 ላለው ጊዜ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ አዲስ አበባም ከ2019 እስከ 2028 የሚሆን የራሷ አላት። በከተማችን የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የባሕር ዳር ሰው በጣና ዳር በሜዳው ላይ ብስክሌትን ሲገለገልበት የኖረ ሲሆን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በዳገትና በቁልቁለት ለተሠራችው አዲስ አበባ ግን የባሕር ዳር ልምድ በቀጥታ አይገለበጥም። የቫንቱ ተራራ ጥናት ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ ዳገት በካርታ ላይ መስመር፣ በጉልበት ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው የከተማችን ነዋሪ የሚጓዘው በእግሩና በሕዝብ ማመላለሻ መሆኑን ለሚያውቅ ዕቅድ አውጪ፣ ጥቂቶቹን ብስክሌተኞች ብቻ ጠይቆ መስመር ማስመር ከላይ የታየውን ስሕተት መድገም ይሆናል። ብስክሌት የማትነዳዋ ሴት ለምን እንደማትነዳ መጠየቅ ከሚነዳው ወጣት አስተያየት ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዘንድ ደግሞ ጥናት ማለት መጠይቅ በትኖ በመቶኛ ማስላት ነው የሚል ልማድ ሥር ሰዷል። ይህ ጸሐፊ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ እንደተመለከተው፣ ሠልጣኙ በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ፣ ስለ ጉዞ በሚጽፈው ወረቀት ውስጥ ግን ስለዚያ መንገድ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የራሱ ኑሮ ዕውቀት መሆኑን ማንም አልነገረውምና። መጠይቅና ቁጥር ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ያለ ቁጥር ዕቅድ የለም። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው ግን የሰው ቀን ነው።

ስለዚህ በጂኦግራፊ ማስተማሪያ ዘዴ ኮርስ ውስጥ አንድ ቀላል የሥራ ልምምድ እንዲገባ ይህ ጸሐፊ ሐሳብ ያቀርባል። ሠልጣኙ ለአንድ ሳምንት የጉዞ ማስታወሻ ይያዝ፤ በየቀኑ የተነሣበትንና የደረሰበትን ሰዓት፣ የሄደበትን መንገድ፣ የተሸከመውን፣ አብሮት የሄደውን ሰው፣ ፈርቶ የሸሸውንም ቦታ ይጻፍ። በዚያው ሳምንት ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤቱ ኑሮው ከእርሱ የተለየ አንድ ሰው መርጦ፣ ተመሳሳዩን ማስታወሻ በዚያ ሰው ቃል ይመዝግብ። ሁለቱን በአንድ ንድፈ ካርታ ላይ ካሰፈረ በኋላ፣ አንዱ የሚደርስበትና ሌላው የማይደርስበት ቦታ ለምን እንደተለያየ በሄገርስትራንድ ሦስት ማሰሪያዎች ያስረዳ። በመጨረሻም ማስታወሻውን እንዴት እንደጻፈ፣ ምን እንደተወና ለምን እንደተወ በአንድ ገጽ ያብራራ። የመጨረሻዋ ገጽ ከሁሉ ትበልጣለች፤ የሠለጠኑት ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ያለፉት ይህንን ነውና።

ማጠቃለያ

ከኮርቻ ላይ የተጻፈው ጂኦግራፊ አንድ ትልቅ ነገር አስተምሯል፤ የተመራማሪው ዕለታዊ ኑሮ ከምርምሩ ውጭ የሚጣል ገለባ ሳይሆን የምርምሩ እህል ሊሆን ይችላል። ይሁንና ያው ኑሮ መስኮትም ግድግዳም ነው። በመስኮቱ በኩል ለቁጥር የማይታይ ብዙ ነገር ታየ፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን ብስክሌት የማይነዱት ብዙኃን ቀሩ። መምህሩ ተማሪውን ሁለቱንም እንዲያይ ሊያለማምደው ይገባል። ዕቅድ አውጪውም አንድ የጥናት ጽሑፍ በእጁ ሲገባ፣ ከሠንጠረዡ አስቀድሞ ይህ የማን ቀን ነው? የማንስ ቀን ሳይጻፍ ቀረ? ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚሠራው መንገድ ለደፋሮች ብቻ የሚያገለግል ከመሆን ይድናል።